ከማዕድ የተረፈውን ለሰው፣ ለከብትና ለመሬት ስለ ማዋል

መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ሆይ፤ ይህ ትምህርት ትንሽ ስለሚመስል ነገር ይናገራል፤ ይኸውም ከማዕድ ስለሚተርፈው እንጀራና ከደጅ ስለሚጣለው ጥራጊ ነው። በመሰላና በጭሮ ዙሪያ፣ በጨርጨር ተራሮች፣ የገበሬው ማሳ ጠባብና ዘቅዛቃ ነው። ዝናም በበረታ ጊዜ ለሙ ዐፈር ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ዝናም በቀረ ጊዜ የተራቆተው መሬት እርጥበት አይዝም። በ2008 ዓመተ ምሕረት ድርቅ በሆነ ጊዜ በኢትዮጵያ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የምግብ ርዳታ ሲፈልግ፣ ምዕራብ ሐረርጌም ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበረ። ስለዚህ ከቤታችን የሚወጣው ትርፍራፊ ሁሉ የት እንደሚደርስ ማሰብ ይገባናል።

መዠመሪያ፤ የሰው ድርሻ

የተረፈው እንጀራ ሳይበላሽ በማግሥቱ ፍርፍር ይሆናል። ከዚህ የበዛ እንደሆነ ተቆራርሶ በፀሐይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል፤ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ለመንገደኛ ስንቅ ነው። የሐረርጌ እናቶች የቡናውን ፍሬ ለገበያ አውጥተው በገለባው ወይም በቅጠሉ ሆጃ ማፍላታቸው፣ ትርፍን ማክበር ለዚህ አገር አዲስ ትምህርት አለመሆኑን ያስረዳል።

ነገር ግን ቁጠባ ማለት የተበላሸውን መብላት አይደለም። የሻገተ እንጀራ፣ በጉድጓድ ውስጥ እርጥበት አግኝቶ የሻገተ ማሽላ ወይም በቆሎ፣ ለሕፃን ቀርቶ ለላም እንኳ አይሰጥም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ መርዙም ጉበትን ይጎዳል፤ በማብሰል ፈጽሞ አይጠፋም፤ ላሚቱም ከበላችው በወተቷ ይተላለፋል። ሻጋታውን አራግፎ ቀሪውን መብላት በብዙ ቤት ልማድ ነውና፣ ሽማግሌዎች ይህን ልማድ በምክራቸው ሊያስቀሩት ይገባል።

ሁለተኛ፤ የከብት ድርሻ

ሰው የማይበላውን ከብት ይበላዋል። የሐረርጌ ገበሬ ከማሳው የሳሳውን ማሽላና አገዳውን እየመገበ፣ በሬውን በደጁ አስሮ ማድለብን ከጥንት ያውቃል። የጎመን ግንድና የሙዝ ልጣጭም ለከብት ይሆናል። ከጫት የቀረው ገራባ ለፍየል ይሰጣል፤ የተባይ መድኃኒት የተረጨበት እንደሆነ ግን አይሰጥ።

ሦስተኛ፤ የመሬት ድርሻ

ሰውም ከብትም የማይበላው የመሬት ድርሻ ነው። ይህ ድርሻ በብዙ ስፍራ ይቀማል፤ ኩበቱና አገዳው ይነዳል፣ አመዱ ይበተናል፣ ጥራጊው በገደል ይጣላል። ማገዶ የቸገረው ቤት ሁሉንም ለመሬት ይስጥ አንልም፤ ነገር ግን የሚችለውን ያህል ቢያስቀር መሬቱ ይከፍለዋል።

ብስባሽ የሚዘጋጀው እንዲህ ነው። ጥላ ባለበት ስፍራ 1 ሜትር ጥልቀት፣ 1 ሜትር ተኩል ስፋት፣ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። ከታች የተከታተፈ አገዳ ይነጠፋል። በላዩ ደረቅ ገለባና ቅጠል፣ ቀጥሎ እርጥብ ሣርና የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ ቀጥሎ እበት፣ ከዚያም ጥቂት ዐፈርና አመድ ይደረጋል፤ እንዲህ እየተደራረበ እስኪሞላ ውሃ ይርከፈከፍበታል። የሻገተውም እህል በዚህ ይቀበራል። ሥጋ፣ አጥንትና ቅባት ግን ጅብና አይጥ ስለሚጠራ አይጨመር። ፓርተኒየምና አቀንጭራ አበባ ሳያወጡ የተነቀሉ ካልሆኑ አይግቡ።

በመካከሉ ረጅም በትር ይተከላል፤ ከላይም በዐፈርና በቅጠል ይሸፈናል። ከሳምንት በኋላ በትሩን መዞ በእጅ መዳሰስ ነው። የሞቀና የረጠበ እንደሆነ ሥራው መልካም ነው፤ የደረቀ እንደሆነ ውሃ ይጨመር፤ ቀዝቅዞ የሚከረፋ እንደሆነ ውሃው በዝቷልና ተገልብጦ ደረቅ ገለባ ይግባበት። ሙቀቱ የሚመጣው ዓይን ከማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ነው፤ እነርሱም እንደ እኛ አየርና ውሃ ይሻሉ። በወሩ አንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ በሦስት ወይም በአራት ወር ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የጫካ ዐፈር የሚሸት ይሆናል።

ይህ በአገራችን የተፈተነ ነገር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓመት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በትግራይ ከእርሻ ቢሮ ጋር ሆኖ በጥቂት መንደሮች ብስባሽ ማዘጋጀትን አስተማረ፤ በዚህም ሥራ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ደከሙ። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምርት ካላገኘው ማሳ በብዙ ሰብል እጥፍ ያህል ሆኖ ተመዘገበ። የትግራይ ተራራ ከጨርጨር ተራራ ይልቅ የደረቀ ነውና፣ በዚያ የተቻለ በዚህ እንዴት አይቻልም?

ስለዚህ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር በትምህርት ቤቱ ጓሮ አንድ ጉድጓድ ይቆፍር። ብስባሹም በደረሰ ጊዜ ሁለት መደብ ጎመን ይትከል፤ አንዱ ብስባሽ ያለው፣ ሁለተኛው የሌለው ይሁን። ከዚያም ሽማግሌዎችን ጠርቶ ያሳይ፤ ገበሬ በጆሮው ከሰማው ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናልና።

ጥያቄ

1. የሻገተ እህል ለላም የማይሰጠው ስለ ምንድር ነው?
2. በትሩ ቀዝቅዞና ከርፍቶ ቢወጣ ምን ይደረጋል?
3. በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ የተጣለው ምንድር ነው? ከሦስቱ ድርሻዎች ለየትኛው ይገባ ነበር?