የጉሮሮ ሕመምና የልጆቻችን ልብ

በዛሬው የጤና ትምህርታችን ከጉሮሮ ተነሥቶ ልብን ስለሚጎዳ በሽታ እንነጋገራለን። ሐኪሞች የሩማቲክ የልብ በሽታ ይሉታል።

ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ጉሮሮ ያሳምማል። በካምፕም ሆነ በካርቱም የኪራይ ቤቶች፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቦታ በቀላሉ ይተላለፋል። ሕመሙ ሳይታከም ከቀረ፣ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች ያጠቃል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ትኩሳት፣ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ቁርጥማት ወይም የትንፋሽ ማጠር ይታያል። ቁርጥማቱ ይለቃል፤ የልብ ጉዳቱ ግን ሊቀር ይችላል። በሽታው በተመላለሰ ቁጥርም ይብሳል።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ኢትዮጵያንና ሱዳንን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። ግማሾቹ ዕድሜያቸው ከ28 ዓመት አይበልጥም። በሁለት ዓመት ውስጥ 500ዎቹ ሞተዋል። መከላከያውን ፔኒሲሊን ይወስዱ የነበሩት ከግማሽ እምብዛም አይበልጡም ነበር።

ይህ መድኃኒት ምን ያህል እንደሚጠቅም በዩጋንዳ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። የልባቸው ጉዳት ገና በምርመራ መሣሪያ ብቻ የሚታይ 800 ያህል ልጆች በሁለት ተከፈሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ በየ4 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት የፔኒሲሊን መርፌ ከተወጉት መካከል ሕመሙ የባሰባቸው 3 ልጆች ብቻ ናቸው። ካልተወጉት ግን 33 ልጆች ብሶባቸዋል።

አንዳንድ ወላጆች መርፌው ይገድላል ብለው ይፈራሉ። በፔኒሲሊን የሚቆጡ ጥቂት ሰዎች ስላሉ፣ ከዚህ ቀደም ሽፍታ ወይም እብጠት ያስከተለባችሁ ለጤና ባለሙያው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ልባቸው በጣም የተጎዳ ሕሙማንን በተመለከተ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር በመርፌው ፈንታ የሚዋጥ ኪኒን እንዲታሰብላቸው መክሯል። ስለዚህ ፍርሃት ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ።

በካርቱም አጠገብ በሶባ፣ ኢመርጀንሲ የተባለው የጣሊያን ድርጅት የሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከልን እ.ኤ.አ. በ2007 ከፍቶ ከጎረቤት አገሮች ለመጡ ሕሙማን ጭምር በነጻ ሲያክም ቆይቷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ብዙዎቻችንን ከካርቱም በትኗል። ስደት ሲደራረብ መጀመሪያ የሚረሳው መርፌው ነው።

ስለዚህ፦

1. ልጁ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው፣ በተለይም ሳልና ንፍጥ ከሌለው፣ ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ባክቴሪያው መሆኑ ከታወቀ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን ኪኒን ይበቃዋል። ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከታከመ ልቡ ይድናል።

2. እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ልብን አያድኑም። ደም ያፈስሳሉ፣ ሌላ በሽታም ያስገባሉ።

3. በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌ የታዘዘለት ሰው ደኅና ነኝ ብሎ አይተው። ሕክምናው ለዓመታት የሚቀጥል ነው፤ የሚያበቃበትን ጊዜ የሚወስነው ሐኪም ነው።

4. ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ አያቋርጥ፤ ደሙንም በቀጠሮ ያስመርምር።

5. በሽታው ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር።

6. ቦታ ስትለቁ የሕክምና ካርዱን ከመታወቂያችሁ ጋር አንድ ላይ ያዙ። የመጨረሻውን መርፌ ቀን ጻፉበት፤ በደረሳችሁበትም ካምፕ መጀመሪያ ክሊኒኩን ጠይቁ።