ኢያር 28፦ ደስታና ሐዘን የተገናኙበት ቀን



የኢያር ወር ሊያልቅ ሲቃረብ በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጆች ባንዲራ ይዘው እየዘፈኑ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ እናትና አያት ደግሞ በሱዳን መንገድ የቀሩትን እያሰቡ ያለቅሳሉ። ታዲያ ቀኑ የደስታ ነው ወይስ የሐዘን? በዛሬው ትምህርታችን ይህ ቀን የሚያስታውሳቸውን ሦስት ነገሮች እንመለከታለን። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑ መቼ ይውላል?

ኢያር 28 የኦሜር ቆጠራ 43ኛው ቀን ነው። ቆጠራው የሚጀምረው በፋሲካ (ፔሳሕ) የመጀመሪያ ቀን ማግስት ስለሆነ፣ ያ ማግስት ሰኞ ከዋለ ኢያር 28ም ሰኞ ይውላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን ቀኑ ይለዋወጣል፤ በ1967 ሰኔ 7፣ በ2025 ደግሞ ግንቦት 26 ነበር። በአገር ቤት ቄሶቻችን ቆጠራውን የሚጀምሩት የፋሲካ ሰባት ቀን ካለቀ በኋላ ስለነበር በዓለ ማእረር (ሻቩዖት) በሲቫን 12 ይውል ነበር። ስለዚህ አረጋውያን ቆጠራው ቢለያይባቸው አይደነቁ፤ እዚህ ላይ የተከተልነው በእስራኤል አገር የተለመደውን ነው።

አንደኛ፦ የነቢዩ ሳሙኤል መታሰቢያ

በጥንት ትውፊት መሠረት ነቢዩ ሳሙኤል ያረፈው በዚህ ቀን ነው። በድሮ ዘመን ቀኑን በጾም የሚያስቡ ነበሩ። ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምዕራብ መቃብሩ ነው ወደሚባለው ኮረብታ ሰዎች ዛሬም ሄደው ይጸልያሉ፤ ሻማም ያበራሉ። ትንንሽ ወንዶች ልጆችን ወደዚያ ወስዶ ፀጉራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የመቁረጥ ልማድም ነበረ። እናቱ ሐና በሴሎ ልጅ ስትለምን ራሱን ምላጭ አይነካውም ብላ መሳሏን ስናስታውስ ነገሩ ይገርማል። ዳዊትን ቀብቶ ያነገሠው ሳሙኤል ነው፤ ኢየሩሳሌምን የመንግሥቱ ከተማ ያደረገ ደግሞ ዳዊት ነው።

ሁለተኛ፦ የኢየሩሳሌም ቀን

ከ1948 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ለ19 ዓመታት ለሁለት ተከፍላ ነበር፤ አይሁድም ወደ ምዕራባዊው ግንብ ቀርበው መጸለይ አይችሉም ነበር። በስድስቱ ቀን ጦርነት፣ በኢያር 28 ቀን 1967፣ የእስራኤል ወታደሮች ወደ አሮጌው ከተማ ገብተው ግንቡ ዘንድ ደረሱ። ስለዚህ በብዙ ምኩራቦች በዚህ ቀን የምስጋና ጸሎት የሆነው ሃሌል ይጸለያል።

ሦስተኛ፦ በመንገድ የቀሩት

ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ከወጡት ወገኖቻችን መካከል 4,000 ያህሉ በውኃ ጥም፣ በረሃብ፣ በሽፍታና በበሽታ እንዳለቁ ይነገራል። ብዙዎቹ ያረፉት በገዳሪፍ አካባቢ፣ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 የተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ሺዎችን ወደ እስራኤል ሲያመጣ እነርሱ አልደረሱም። የሞቱት ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ስለሆነ፣ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም ቀን እንዲሆን ተወሰነ። በሄርዝል ተራራ በ2007 ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይደረጋል።

የሞተበትን ቀን ለማናውቀውስ?

ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው በዚህ ነው። በመጠለያው አይሁድ መሆናችንን ደብቀን ስለነበር ሰው ሲሞት ለቅሶው በወጉ አልተለቀሰም፤ ቀኑንም የጻፈ የለም። "ዝናብ ሲገባ ነው"፣ "ከሲግድ በፊት ነው" ብለን ብቻ እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ትዝታ ካለ ለቄስ ወይም ለረቢ እንንገር፤ ቀን ለመቁረጥ ይረዳል። ምንም ካልተገኘ ቤተሰቡ አንድ ቀን መርጦ ተዝካሩን በየዓመቱ በዚያው ቀን ያደርጋል፤ ኢያር 28ም ለዚህ የተገባ ቀን ነው። የሞቱበት ቀን ላልታወቀ ሁሉ ቃዲሽ የሚባልበት ቴቬት 10ም አለ። ቀኑ የታወቀለት ግን በራሱ ቀን ይታሰብ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

• ቀኑ የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ስለሆነ የነፍስ ሻማ በዚያ ምሽት እናብራ። ኢያር 28 እሑድ ከዋለ ሻማው የሚበራው ሰንበት ከወጣ በኋላ ነው።
• የቀሩትን ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ የወጡበትን መንደርና ያረፉበትን ቦታ በደብተር እንጻፍ። አረጋውያን ይናገሩ፤ የልጅ ልጆች ይጻፉ።
• ልጆች ባንዲራ ይዘው ሲመጡ አንቆጣ። አስቀምጠን፣ "ይህችን ከተማ ለማየት ብሎ የወጣ አጎት ነበረህ፤ ስሙም እንዲህ ይባላል" እንበላቸው።

እንግዲህ ቀኑ የደስታ ነው ወይስ የሐዘን? ሁለቱም ነው። ጠዋት ሃሌል የጸለየ ሰው ከሰዓት በኋላ ለወንድሙ ቢያለቅስ የተቃረነ ነገር አላደረገም። በመንገድ የቀሩት ወገኖቻችን ኢየሩሳሌምን ወደዋት ነው የወጡት፤ እኛ ደግሞ ደርሰንባታል። ስለዚህ ደስታውንም ሐዘኑንም በእነርሱ ስም እንያዝ።

መታሰቢያቸው የተባረከ ይሁን። አሜን።