ንስሓና ምሕረት በእስልምናና በሲኮች ሃይማኖት

ከሰው ወገን የማይሳሳት የለም። ሰው ከሰው የሚለየው በመሳሳቱ ሳይሆን ከተሳሳተ በኋላ በሚያደርገው ነገር ነው። አንዱ ጥፋቱን ይደብቃል፤ ሌላው በባልንጀራው ያላክካል፤ ሌላው ደግሞ «ከእንግዲህ ወዲያ ለእኔ ምሕረት የለም» ብሎ ተስፋ ይቆርጥና በክፋቱ ላይ ክፋት ይጨምራል። ጥፋቱን አምኖ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሁለት ሃይማኖቶችን ትምህርት ጎን ለጎን አድርገን እንመለከታለን። አንደኛው በአገራችን ብዙ ወንድሞችና እኅቶች የሚከተሉት እስልምና ነው። ሁለተኛው በህንድ ምድር፤ ፑንጃብ በሚባለው አገር የተነሣው የሲኮች ሃይማኖት ነው። የምንጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም እውነተኛ ንስሓ ከአፍ ንስሓ በምን ይታወቃል? የሚል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ተውበት ምን ማለት ነው?

ሙስሊሞች ንስሓን ተውበት ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜው መመለስ ማለት ነው። ኀጢአተኛ ማለት ከመንገድ የወጣ መንገደኛ ነው፤ ተውበት ያደረገ እንደ ሆነ ወደ ተወው መንገድ ይመለሳል። ከአላህ ስሞችም አንዱ አት ተዋብ ነው፤ ይህም ከዚያው ሥር የወጣ ስም ሲሆን ንስሓን ደጋግሞ የሚቀበል ማለት ነው። እንግዲህ ሰው ወደ ፈጣሪው ሲመለስ ፈጣሪም በምሕረቱ ወደ ሰው ይመለሳል። አል ገፉር የሚለው ሌላው ስም መሐሪ ማለት ሲሆን የቃሉ ሥር መሸፈንን ያመለክታል። ጦረኛ ራሱን ከሰይፍ የሚጠብቅበት የብረት ቆብ በዐረብኛ ሚግፈር መባሉ ከዚሁ የተነሣ ነው።

ቁርኣን ካሉት 114 ምዕራፎች ዘጠነኛው አት ተውባ ተብሎ ይጠራል። መጽሐፉ ነፍሳቸውን የበደሉ ሰዎች ከአላህ ምሕረት ተስፋ እንዳይቆርጡ ያስተምራል። ነገር ግን ተውበቱ የጠራና ሽንገላ የሌለበት እንዲሆን ያዝዛል።

የጠራ ተውበት ምን ዓይነት እንደ ሆነ የሶርያው ሊቅ አን ነወዊ (1233–1277) በአጭሩ አስረድተዋል። ኀጢአቱ በሰውና በአላህ መካከል ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ኀጢአቱን ወዲያው መተው፤ ሁለተኛ በሠሩት ሥራ ከልብ መጸጸት፤ ሦስተኛ ዳግመኛ ላለመመለስ መቍረጥ ነው። ጥፋቱ ሌላውን ሰው የሚነካ ሲሆን ግን አራተኛ ይጨመራል፤ ይኸውም የሰውየውን መብት መመለስ ነው። ገንዘብ ወስዶ እንደ ሆነ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ስም አጥፍቶ እንደ ሆነ ይቅርታ ይጠይቃል።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አል ገዛሊ (1058–1111) ደግሞ ተውበት በሦስት ደረጃ የሚፈጸም መሆኑን አስተምረዋል። መጀመሪያ ዕውቀት ይመጣል፤ ሰው ኀጢአቱ ከፈጣሪው እንደሚለየው ያውቃል። ከዕውቀቱ ጸጸት ይወለዳል፤ ከጸጸቱም ሥራ ይወለዳል። እንግዲህ ሥራ ያልወለደ ጸጸት ሙሉ ተውበት አይደለም።

የሲኮች ትምህርት

የሲኮችን ሃይማኖት የመሠረቱት ጉሩ ናናክ (1469–1539) ናቸው። ጉሩ ማለት መምህር ማለት ነው። ከእርሳቸው በኋላ ዘጠኝ ጉሩዎች ተከታትለው አስተምረዋል። ከ1708 ጀምሮ ግን ሲኮች እንደ ጉሩ የሚያከብሩት ጉሩ ግራንት ሳሂብ የሚባለውን ቅዱስ መጽሐፋቸውን ነው። ሲኮች በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፤ ዋሂጉሩ ብለውም ይጠሩታል።

በሲኮች ትምህርት የኀጢአት ሁሉ ሥር ሃውሜ ይባላል፤ ይኸውም «እኔ፤ እኔ» የሚለው የራስ መውደድ ነው። ከእርሱም ጋራ አምስት ሌቦች በሰው ልብ ገብተው ይዘርፉታል። እነርሱም ፍትወት፤ ቍጣ፤ ስስት፤ ከመጠን ያለፈ የዓለም ፍቅርና ትዕቢት ናቸው። ሰው በቅዱስ ወንዝ ስለ ታጠበ ብቻ ከእነዚህ አይነጻም፤ የቆሸሸው ልብ ነውና። ልብን የሚያነጻው የፈጣሪን ስም ማሰብ፤ ከደጋግ ሰዎች ማኅበር አለመለየትና ሴቫ የተባለው ያለ ደመወዝ ሰውን ማገልገል ነው። ይህን ሁሉ ሠርቶም ቢሆን ሰው በራሱ ኀይል ዳንሁ ሊል አይችልም። የሚያድነው ነደር የሚባለው የፈጣሪ የምሕረት ዐይን ነው።

ሲኮች አርዳስ የተባለውን የማኅበር ጸሎታቸውን ሲፈጽሙ ለሠሩት ስሕተት ማፍ እንዲደረግላቸው ይለምናሉ። ማፍ የሚለው ቃል ምንጩ ዐረብኛ ሲሆን በእኛም አገር «አፉ በለኝ» ሲባል የምንሰማው ቃል የዚሁ የዐረብኛ ሥር ልጅ ነው። አንድ የይቅርታ ቃል ወደ ህንድም ወደ ኢትዮጵያም መድረሱን ልብ ይሏል። የሁለቱ ሃይማኖቶች ቅርበት በዚህ ብቻ አያበቃም፤ በ1604 አምስተኛው ጉሩ አርጃን የሲኮችን ቅዱስ መጽሐፍ በሰበሰቡ ጊዜ ሼክ ፈሪድ የተባሉትን የሙስሊም ሱፊ መዝሙሮች ጨምረውበታል።

ሁለት ነፍሰ ገዳዮች

ትምህርት በምሳሌ ይጠነክራልና ከሁለቱም ወገን የሚተረከውን እንስማ።

በሐዲስ እንደ ተነገረው በቀድሞ ዘመን 99 ነፍስ ያጠፋ ሰው ነበረ። ወደ አንድ መነኵሴ ሄዶ ንስሓ እንዳለው ቢጠይቅ የለህም ስላለው እርሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ቀጥሎ ወደ አንድ ሊቅ ሄዶ ጠየቀ። ሊቁ የንስሓ በር እንዳልተዘጋ ከነገረው በኋላ ክፉዎች ያሉበትን አገሩን ትቶ ደጋግ ሰዎች ወደሚኖሩበት አገር እንዲሄድ መከረው። ሰውየው ጉዞ ጀምሮ በመንገድ ላይ ሞተ። የምሕረትና የቅጣት መላእክት በነፍሱ ተከራከሩ፤ መንገዱም ተለካ። ወደ መልካሙ አገር በጥቂት ቀርቦ ስለ ተገኘ የምሕረት መላእክት ወሰዱት።

ሁለተኛው ታሪክ ስለ ጉሩ ናናክ ሕይወት በሚተርኩ ጥንታውያን መጻሕፍት የሚገኝ ነው። ዛሬ በፓኪስታን ግዛት በምትገኘው በቱላምባ አጠገብ ሳጃን የሚባል ሰው የእንግዳ ማረፊያ ነበረው። ሳጃን ማለት ወዳጅ ማለት ነው። ለሂንዱም ለሙስሊምም መጸለያ አዘጋጅቶ እንግዳውን በፈገግታ ይቀበላል፤ ሌሊት ግን ይገድልና ይዘርፋል። አንድ ቀን ጉሩ ናናክና የማይለያቸው ሙስሊም ጓደኛቸው ማርዳና በዚያ አረፉ። ማርዳና ረባብ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ መታ፤ ጉሩም ውጪው አምሮ ውስጡ የጠቆረን ሰው የሚገሥጽ መዝሙር ዘመሩ። ሳጃን መዝሙሩ ስለ እርሱ መሆኑን ዐወቀና በእግራቸው ወድቆ ጥፋቱን ሁሉ ተናዘዘ። እርሳቸውም የዘረፈውን ሀብት እንዲያከፋፍል አዘዙት፤ እርሱም እንደ ታዘዘው አደረገ። ያ የሞት ቤትም የጸሎትና የእውነተኛ እንግዳ መቀበያ ቤት ሆነ።

ሁለቱም ታሪኮች ኀጢአት ምንም ቢበዛ ከምሕረት እንደማይበልጥ ያስተምራሉ። ነገር ግን ሁለቱም ሰዎች ምሕረትን ተቀምጠው አልጠበቁም። አንዱ እግሩን ለጉዞ አነሣ፤ ሌላው እጁን ለመመለስ ዘረጋ።

ከጦር ሜዳ የቀሩ

በ630 ነቢዩ ሙሐመድ ወደ ተቡክ በዘመቱ ጊዜ ወቅቱ የሐሩርና ፍሬ የሚበስልበት ነበረ። ከእብ ኢብን ማሊክ የተባለው ባለቅኔ «ዛሬ እነሣለሁ፤ ነገ እነሣለሁ» እያለ ሳይዘምት ቀረ። ነቢዩ በተመለሱ ጊዜ ከ80 የሚበልጡ የቀሩ ሰዎች ልዩ ልዩ ምክንያት እየሰጡ ማሉ። ከእብ ግን አንደበተ ርቱዕ ሲሆን ምክንያት መፍጠሩን ትቶ ምንም ችግር እንዳልነበረበት እውነቱን ተናገረ። እንደ እርሱ ያሉ ሁለት ሰዎችም ነበሩ። ከዚህም የተነሣ ሰው ሁሉ ሦስቱን እንዳያነጋግር ታዘዘ፤ 50 ቀንም በዚህ ዓይነት አለፈ። የጋሳን ንጉሥ ከእብን ወደ እኔ ና ብሎ ደብዳቤ ቢልክበት ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ጣለው። በመጨረሻ የምሕረቱ የምሥራች በመጣ ጊዜ ሰዎች እየሮጡ ደስታቸውን ገለጡለት። እርሱም ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሁሉ እውነት ብቻ ሊናገር ቃል ገባ።

ይህን የሚመስል ታሪክ ከሲኮችም ዘንድ አለ። በ1704 የአሥረኛው ጉሩ የጎቢንድ ሲንግ ምሽግ አናንድፑር በሞጎል ንጉሥና በተራራው አገር ራጃዎች ጦር በተከበበ ጊዜ ረኃብ ጠና። እንደሚተረከው አርባ ሰዎች ወደ ቤታችን እንሂድ አሉ። ጉሩም ከእንግዲህ ደቀ መዛሙርት አለመሆናቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ ጠየቋቸው፤ እነርሱም ፈርመው ሄዱ። አገራቸው ሲደርሱ ሴቶች ነቀፏቸው። ማይ ባጎ የተባለች ጀግና ሴት መርታቸው ተመለሱና በ1705 በኪድራና ኩሬ አጠገብ ተዋግተው ወደቁ። ከእነርሱ አንዱ ማሃን ሲንግ ነፍሱ ሳትወጣ ጉሩ ደርሰው ምን እንደሚፈልግ ጠየቁት። እርሱም ያ ወረቀት እንዲቀደድለት ብቻ ለመነ። ጉሩ ወረቀቱን አውጥተው ቀደዱት። ሥፍራው እስከ ዛሬ ሙክትሳር ይባላል፤ የመዳን ኩሬ ማለት ነው።

ልዩነታቸው

እስካሁን የተናገርነው መመሳሰላቸውን ነው። ሆኖም ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ናቸው ማለት አይደለም። በእስልምና ሰው አንድ ጊዜ ይኖራል፤ አንድ ጊዜም ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የፍርድ ቀን ይጠብቀዋል። የተውበት በር ለሰው ሁሉ ሞት እስኪመጣበት ድረስ የተከፈተ ነው። በሲኮች ትምህርት ግን ነፍስ ከሕይወት ወደ ሕይወት ትዞራለች፤ ሰው ሆኖ መወለድ ከዚህ ዙረት ወጥቶ ከፈጣሪ ጋራ ለመዋሐድ የተገኘ ታላቅ ዕድል ነው።

በኑዛዜም ይለያያሉ። ሙስሊም ለአላህ ብቻ ይናዘዛል እንጂ ኀጢአቱን የሚፈታለት ካህን የለውም፤ አላህ የሸፈነለትንም ጥፋት በአደባባይ እንዳይገልጥ ይመከራል። ከሲኮች ወገን ግን በ1699 በተመሠረተው ኻልሳ በሚባለው ማኅበር ቃል የገባ ሰው ሥርዐቱን ቢያፈርስ እጆቹን አጣምሮ በማኅበሩ ፊት ይቆማል። ቅጣቱም ብዙ ጊዜ የእጅ ሥራ ነው፤ የምእመናንን ጫማ ማጽዳት ወይም በማኅበሩ ወጥ ቤት ሳሕን ማጠብ ይሆናል። ጥፋተኛው በቅጣቱ እንዳይከራከር፤ ማኅበሩም ይቅር ለማለት እልኸኛ እንዳይሆን ሥርዐቱ ያዝዛል። የፑንጃብ ታላቅ ንጉሥ የነበረው ራንጂት ሲንግ (1780–1839) እንኳ አምሪትሳር በሚገኘው በአካል ታክት ፊት ተጠርቶ ጀርባውን ለግርፋት እንዳዘጋጀ ይተረካል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ትምህርቱን ማወቅ ብቻውን አያድንም። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት ተከፈለች። በዚያን ጊዜ የምሕረትን ቃል በየጸሎታቸው የሚደግሙ ሙስሊሞች፤ ሲኮችና ሂንዱዎች እርስ በርሳቸው ተጋደሉ። የሞቱት በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሲሆኑ ከቤታቸው የተፈናቀሉት ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ጥፋቱ የትምህርት ጕድለት አልነበረም፤ ትምህርቱ ከአፍ ወደ እጅ አለመውረዱ ነው።

በእኛም ዘንድ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። አንድ ተማሪ የጓደኛውን መጽሐፍ ሰርቆ ቢሸጥና ማታ ማታ ቢጸልይ ጓደኛው ግን ያለ መጽሐፍ ለፈተና ቢቀመጥ ያ ጸሎት ምን ይባላል? አን ነወዊ መጽሐፉን መልስ ይሉታል፤ የሳጃንም ታሪክ ይህንኑ ይነግረዋል። ምሕረት በገንዘብ አይገዛም፤ የፈጣሪ ስጦታ ነው። ስጦታውን ለመቀበል የሚዘረጋ እጅ ግን አስቀድሞ የያዘውን የሰው ገንዘብ መልቀቅ አለበት። የሰው ስም ያጠፋም እንዲሁ ነው፤ ስሙን ባጠፋበት ጉባኤ መልሶ ማንሣት ይገባዋል።

ለወላጆቻችንና ለመምህሮቻችንም በትሕትና የምናሳስበው ነገር አለ። ከእብ እውነቱን በመናገሩ ቅጣት ደረሰበት፤ ነገር ግን ቅጣቱ ፍጻሜ ነበረው፤ ፍጻሜውም ደስታ ነበረ። ጥፋቱን በግልጥ ያመነ ልጅ ከዋሸው ይልቅ ለዘለዓለም የሚነቀፍ ከሆነ እውነት መናገርን ማን ይማራል? ለተመለሰው ወረቀቱ ይቀደድለት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ተብሏል። እኛም እንዲህ ብንል አንሳሳትም፤ ከልብ ከተጸጸቱ መንገድ አይጠፋም። መቶ ነፍስ ያጠፋው ሰው የተለካው በኋላው በተወው አገር ሳይሆን በመጨረሻ ባራመደው እግር ነውና ማንም «አሁን መሽቶብኛል» ብሎ አይቀመጥ።