ያረጀ ኮምፒዩተርና የነጋዴው መዝገብ

በጌዴኦ ዞን፣ ከይርጋ ጨፌ በስተደቡብ በምትገኘው በወርቃ፣ የቡናው ወራት ሲቃረብ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ባለቤት መፈልፈያውን ሳያስፈትሽ፣ የማድረቂያውንም አልጋ ሳያስጠግን ሥራ አይጀምርም። በጽሕፈት ቤቱ ያለውን ኮምፒዩተር ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የለም። ይሁን እንጂ ከየገበሬው የተረከበው ኪሎ፣ የከፈለው ገንዘብና የቀረበት ዕዳ የተመዘገበው በዚሁ መሣሪያ ነው።

ከዚህም በላይ የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ፣ ወደ አባል አገሮቹ የሚገባው ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ካልተመነጠረበት መሬት የተገኘ እንዲሆንና የበቀለበትም ማሳ የት እንደሚገኝ በትክክል እንዲታወቅ ያዛል። ስለዚህ የማሳዎቹ መዝገብ የጠፋበት ነጋዴ፣ ቡናው በመጋዘን ሳለ ያ ገበያ ሊዘጋበት ይችላል።

ኮምፒዩተር የሚያረጀው ክፍል በክፍል ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ስለሚሽከረከሩ ከጊዜ ብዛት ይደክማሉ። ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን መሣሪያው ይግላል። ሳንቲም የምታህለው የሰዓት ባትሪ ስትደክም ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚህም ምክንያት ደረሰኞች የተሳሳተ ቀን ይይዛሉ። የመብራት መቆራረጥ የሚከላከለው የዩ.ፒ.ኤስ. ባትሪም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢያገለግል ነው።

የብልሽቱ ምልክቶች የታወቁ ናቸው፤ ይኸውም የዲስኩ መንቋቋት፣ ፋይል ለመክፈት መዘግየት፣ ያለምክንያት መጥፋትና እንደገና መነሣት ነው። ነገር ግን ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ድምፅ ሳያሰማ በድንገት ሊቆም ይችላል። በመሆኑም ምልክት መጠበቅ ብቻውን አይበቃም።

አስቀድሞ ለመዘጋጀት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሣሪያና ባትሪ የተገዛበት ዓመት ተጽፎ ይያዝ።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በኮምፒዩተሩ፣ ሌላው በተንቀሳቃሽ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከጣቢያው ርቆ፣ ለምሳሌ ዲላ በሚኖር ወኪል ዘንድ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጥ። ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይፈተን፤ ያልተፈተነ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ የሚለወጠው ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት ይሁን። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የጥበቃ አገልግሎት የተቋረጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም የቡናው ሥራ በሚጀመርበት ወር ነበር። ቀኑ ከዓመታት በፊት የተነገረ በመሆኑ፣ አስቀድሞ ያሰበ ነጋዴ በነሐሴ ሊጨርሰው ይችል ነበር።

ይህ አሠራር ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ የጌዴኦ ገበሬ ችግኙን፣ መካከለኛውንና የደረሰውን ጎን ለጎን ያኖራል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተካል። ሦስትና አራት ኮምፒዩተር ያለው ድርጅትም ሁሉንም ባንድ ዓመት ገዝቶ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲያረጁ ከማድረግ ይልቅ በየዓመቱ አንዱን ቢተካ ይሻለዋል። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ቡናው እንደተሸጠ ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ብልሽት በመጣ ጊዜ ወጪ ይሆናል እንጂ ኪሣራ አይሆንም።