የእንግሊዝኛና የኡዝቤክ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር አሠራር

ከኡዝቤኪስታን ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው። የዋናው ደብዳቤ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ሥርዐት የተሰለፉ አይደሉም፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ስለ ዋጋና ስለ ውል የተጻፈውን አዛብቶ ሊረዳው ይችላል።

እንግሊዝኛ ባለቤቱን አስቀድሞ ማሰሪያ አንቀጹን ወዲያው ያስከትላል፤ ተሳቢው ከዚያ በኋላ ይመጣል። «ዊ ቦት ኮተን» ሲል ቃል በቃል «እኛ ገዛን ጥጥ» ማለቱ ነው። የኡዝቤክ ቋንቋ ግን ከቱርክ ቋንቋዎች ወገን እንደ መሆኑ አንቀጹን በመጨረሻ ያስራል። «ቢዝ ፓኽታ ሶቲብ ኦልዲክ» ማለት «እኛ ጥጥ ገዛን» ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪው ከእንግሊዙ ይልቅ ለታሽከንቱ ነጋዴ ይቀርባል።

ቅርበቱም በዚህ አያበቃም። «ፓኽታኒ ሶቲብ ኦልዲክ» ቢባል «ጥጡን ገዛን» ይሆናል፤ ይኸውም ቀድሞ የታወቀውን ጥጥ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለዚሁ ከስሙ በፊት «ዘ» የሚለውን ቃል ያስቀድማል። ተርጓሚው «ኒ» የምትለውን ጭራ ቢዘነጋ፥ ተለይቶ የታወቀው ዕቃ ማናቸውም ዕቃ ሆኖ ይቀራል። እንዲሁም «ቶሽኬንትዳን ኬልጋን ሞል» የሚለው «ከታሽከንት የመጣ ዕቃ» ሲሆን፥ እንግሊዝኛ ዕቃውን አስቀድሞ ገላጩን ወደ ኋላ ይጥለዋል። «ኡ» የሚለው ቃል እሱም እሷም ማለት ነው፤ ይህ ግን ለንግድ ብዙ አያሰጋም።

ይበልጥ የሚያሰጋው ማሰሪያው ነው። «ሶትዲክ» ማለት «ሸጥን» ሲሆን «ሶቲብ ኦልዲክ» ደግሞ «ገዛን» ነው። ሁለቱም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸውና፥ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምቶ የቸኰለ ሰው ሻጩን ከገዢው ያምታታል። አሉታውም የሚገኘው እዚያው ነው። እንግሊዝኛ «ዊ ዲድ ኖት ባይ» ብሎ እምቢታውን ገና ከመነሻው ያሰማል፤ ኡዝቤክኛ ግን «ማ» የምትለውን አንዲት ድምፅ በአንቀጹ መካከል ሰክቶ «ሶቲብ ኦልማዲክ» ይላል። ብዛቱ፥ ዋጋውና የማስረከቢያው ቦታ ሁሉ ተቈጥሮ ካለቀ በኋላ «አልገዛንም» የሚለው በመጨረሻ ይደርሳል። ስለዚህ በአስተርጓሚ የሚነጋገር ነጋዴ ንግግሩ ሳይታሰር ራሱን ባይነቀንቅ ይሻለዋል።

የጊዜውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። «ሶቲብ ኦላሚዝ» እንደ አማርኛው «እንገዛለን» ሁሉ፥ ዘወትር የሚደረገውንም ወደ ፊት የሚደረገውንም ይይዛል። እንግሊዝኛ ግን «ዊ ባይ» ወይም «ዊ ዊል ባይ» ብሎ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ምርጫውም የተርጓሚው እንጂ የጸሐፊው አይደለም። ቀን ያልተጻፈበት «ኦላሚዝ» የደረሰው ሰው፥ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት፥ የተነገረው ልማድ ይሁን የውል ቃል ጠይቆ መልሱን በጽሕፈት ይቀበል።