የሌሊቱ እንቅልፍ ከጠዋት ይጀምራል

እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ቶሎ መተኛትን ነው። ትናንት ዓይኑን ሳይከድን አድሯል፣ ቀኑን እንደ ምንም ገፍቶታል፤ ስለዚህ ራቱን እንደበላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ይገባል። ሲገላበጥ፣ ሰዓት ሲያይ፣ የነገውን ሥራ ሲያሰላ ሌሊቱ ይጋመሳል። ሊነጋጋ ሲል ሸለብ ሲያደርገው ደግሞ ያችኑ ላለማጣት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ይተኛል። ሲያዩት ብልህነት ነው። ግን የሚቀጥለውን ሌሊት የሚያበላሸው ይኸው ነው።

ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ስንተኛ ይቀንሳል። ሲመሽ የሚያዛጋንና ዓይናችንን የሚያከብደው በአብዛኛው ይህ ክምችት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተነሣ ሰው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ነቅቶ የቆየው 11 ሰዓት ብቻ ነው። ሰውነቱ ዝሏል፣ እንቅልፍ ግን ገና አልተጠራቀመለትም። በዚያ ላይ የሰውነታችን ሰዓት በየዕለቱ የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ነው፤ አንድ ቀን 12 ሰዓት፣ ሌላ ቀን 3 ሰዓት ለሚነሣ ሰው ያ ሰዓት ግራ ይጋባል።

ስለዚህ የመኝታ ሰዓትዎን ለጊዜው ይተዉትና የመነሻ ሰዓትዎን ይቁረጡ። 12 ሰዓት ተኩል ካሉ፣ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ እሑድም ይሁን በዓል፣ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተው ደጅ ይውጡ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ቀን ላይ ጋደም ማለት የግድ ከሆነም ከምሳ በኋላ፣ ከግማሽ ሰዓት ሳያልፍ ይሁን።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ በእኛ አገር ስለ እንቅልፍ ተጽፎ ቡና ከተዘለለ ምኑን ተጻፈ! ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ክምችቱ አለ፣ አንጎል ግን አይሰማውም። በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ የገባ ካፌይን ግማሹ እስኪወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በነፍሰ ጡርና የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን በምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። 11 ሰዓት ላይ የተጠጣው ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። “እኔ ጠጥቼም ድብን ብዬ ነው የምተኛው” የሚሉ አሉ። እውነት ይተኛሉ፤ የጥልቁ እንቅልፍ መጠን ግን ሳያውቁት ይቀንሳል፣ ጠዋትም ራሳቸውን የሚያቃናላቸው ያው ቡና ይሆናል። ቡና ይቅር አልልም፣ ብልም የሚሰማኝ የለም። የቡናውን ሰዓት ከምሳ በፊት ወይም ምሳውን ተከትሎ ማድረግ ግን ይቻላል። ማታ ጎረቤት ተጠርቶ እምቢ ማለት የሚያሳፍር ከሆነ በረካው ላይ ይድረሱ፤ ከቡናው ካፌይን ብዙው ቀድሞ በአቦሉ ወጥቷል።

ስለ ጫት ረጅም ነገር አያስፈልግም። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከጉበት ሲያልፍ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ያነቃል፣ የሕልሙን እንቅልፍም ይቆራርጣል። ያለ ጫት ለሚጠጣውም ያው ነው።

ኪኒኑስ? ብዙ ሰው የሚጀምረው በጉንፋን መድኃኒት ነው። በውስጡ የሚገኙት እንደ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት ለአለርጂ የተሠሩ ናቸው፤ ማስተኛታቸው የጎንዮሽ ጠባያቸው ነው። ሰውነት በጥቂት ቀናት ይለምዳቸዋል፣ በማግሥቱ መሪ ለሚጨብጥ ሰውም ድብታቸው አደገኛ ነው። ዳያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ ኪኒን ከጎረቤት ወስዶ መዋጥ ከዚህም ይብሳል፦ ሱስ ያስይዛል፣ አረጋውያንን ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ይጥላል፣ ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ለወራት የወሰደው ሰው በአንድ ቀን ቢያቆመው ሊያንቀጠቅጠው ስለሚችል፣ የሚተወውም በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ነው።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው ሜላቶኒንስ? ሜላቶኒን አንጎላችን ራሱ ሲጨልም የሚያመነጨው ነው፤ “መሽቷል” ይላል እንጂ አያስተኛም። ስለዚህ ከዋሽንግተን መጥቶ ቀኑ ሌሊት ለሆነበት እንግዳ ይጠቅማል። በተራው የእንቅልፍ ማጣት ላይ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ እንቅልፍ የሚወስድበትን ጊዜ ያሳጠረው በ7 ደቂቃ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ካናዳ ውስጥ የተሸጡ ሲመረመሩም፣ ማሸጊያቸው ላይ ከተጻፈው መጠን እጅግ ያነሰም ከአራት እጥፍ በላይ የበዛም ተገኝቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የማምነው ሳፋውን ነው። ማታ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቀርቦ እግር መታጠብ የብዙ ቤት ልማድ ነበር፤ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ተረከዙ ይታሻል፣ እግሩ ቀላ ሲል በፎጣ ይደርቃል። እንቅልፍ እንዲመጣ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። እግርና እጅ ሲሞቁ የደም ሥሮቻቸው ይሰፋሉ፣ የውስጡ ሙቀት በእነሱ በኩል ይወጣል። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር መጽሔት ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ እግሩ የሞቀ ሰው ቶሎ ያንቀላፋል። ውሃው ላይ ጨው የሚጨምሩ አሉ፤ ክፋት የለውም፣ ለእንቅልፉ የሚሠራው ግን ሙቀቱ ነው።

እንቅልፍ ከጠፋበት ወራት ላስቆጠረ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር ከኪኒን በፊት እንዲሰጥ የሚመክረው ልማድን የሚቀይር የምክር ሕክምና ነው። አንዱ ክፍሉ ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ነው። ዓይን ካልከበደ አልጋ ውስጥ አይገባም። ገብተው 20 ደቂቃ ገደማ ሲገላበጡ ከቆዩ ተነሥተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ በደብዛዛ መብራት ልብ የማይሰቅል ነገር ያነባሉ፣ ዓይን ሲከብድ ይመለሳሉ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀራል፤ ሰዓቱም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ደቂቃ እየቆጠረ የተኛ ሰው የለምና። ብርድ ባለበት ሌሊት ከብርድ ልብስ መውጣት እንደሚያስጠላ አውቃለሁ። አልጋው የመገላበጫ ቦታ ሆኖ ከተለመደ ግን መድኃኒቱ ከእሱ መውጣት ነው።

አንድ ዓይነት የእንቅልፍ ችግር ግን በዚህ ሁሉ አይነካም። ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ መሐል ላይ ትንፋሹ ቆሞ እንደ መታነቅ ብሎ የሚመለስ፣ ቀን ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር የሚያንቀላፋ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ ኪኒንና መጠጥ ያባብሱበታል። እሱ ራሱ ሌሊቱን ስለማያውቀው፣ አጠገቡ የምትተኛዋን ይዞ ይሂድ፣ ለሐኪሙ የምትናገረው እሷ ናት።