ፋሲካ በረመዳን መካከል

ኡም ራኩባ፣ 2013

በኅዳር 2013 ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን መግባት ጀመሩ። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ኡም ራኩባ ሰፈሩ። የመጀመሪያው የስደት ፋሲካቸው ሚያዝያ 24 ቀን ዋለ። አገሬው ሙስሊም ያኔ ረመዳንን ካጋመሰ ቆይቷል፤ አንዱ የ55 ቀን ጾሙን ሲፈታ ሌላው መግሪብን፣ የፀሐይ መጥለቂያውን ጸሎት፣ ይጠብቅ ነበር። የሱዳን ኮፕቶችም ትንሣኤን ያከበሩት በዚያው እሑድ ነው።

ሁለቱም ጾሞች በጨረቃ ከተቆጠሩ ለምን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም? ረመዳን ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ክረምት ከበጋ ይዞራል። ፋሲካ ግን ፀሐይንም ይጠብቃል፤ ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ክርስቶስ የተሰቀለው በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ነውና በዓሉ ከዚያ ወቅት እንዳይርቅ ተወስኗል።

“ሦስት ቀን” የቱ ነው?

ክርስቶስ በሦስተኛው ቀን ተነሣ እንላለን፤ ዐርብ በዘጠኝ ሰዓት ሞቶ እሑድ ሌሊት ከተነሣ ግን ሰዓቱ 72 አይሞላም። ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል፤ ማውጣቱም ተገቢ ነው። በአይሁድ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከምሽት ሲሆን፣ የቀን ሽራፊም እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። ዐርብ ከመምሸቱ በፊት የቀረችው ጥቂት ሰዓት አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ ቅዳሜ ሲመሽ የገባው እሑድ ሦስት። ቤተ ክርስቲያናችን ትንሣኤው በመንፈቀ ሌሊት ሆነ ብላ ስለምታስተምር ሕዝቡ ቅዳሜ ማታ ሄዶ ያድራል፣ ጾሙንም ዶሮ ሲጮኽ ይፈታል።

ያለ ትንሣኤ ምን ይቀራል?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታቸው ከንቱ መሆኑን ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል። ልደትም ስቅለትም ትርጉም የሚያገኙት ከትንሣኤው ነው። ጳውሎስ ክርስቶስን “በኵራት” ይለዋል፤ የገዳሪፍን ሰሊጥ ያጨደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የመጀመሪያው ነዶ ከታሰረ የቀረው እርሻም ለአጨዳ ደርሷል። የክርስቶስ መነሣት የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ ሙታንም ይከተሉታል ማለት ነው። ደግሞም የተነሣው በሥጋ ነው። ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ ዓሣ ተቀብሎ በፊታቸው በላ።

ቀኑን በእጅ ማውጣት

የታተመ የቀን መቁጠሪያ በሌለበትም ባሕረ ሐሳብ የተባለው የበዓላት ስሌት አለ። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 2013 ሲደመር 7513፤ ለ19 ሲካፈል 8 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 7፣ ይህ ወንበር ይባላል። 7 በ19 ሲባዛ 133፤ በ30 ሲገደፍ 13፣ ይህ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 13 ዐርብ ነበር፤ ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ የዐርብ ተውሳክ፣ 2 ነው። 13 እና 2፣ 15፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ገባ። ከነነዌ እስከ ፋሲካ ያለው 69 ቀን ሲጨመርበት ሚያዝያ 24 ይመጣል።

የ2019ን እናንተ አውጡ። ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8። መልሳችሁ እንደገና ሚያዝያ 24 ካልሆነ ከወንበሩ ጀምራችሁ ፈትሹ።